ከሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ልብ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ ተብሎ ቤተሰብ እፎይ ሲል፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ አንዳንዴም ቤት ከገቡ በኋላ ልብ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ፍርሃት ነው ብላችሁ አትለፉት።

ልብ ይፈጥናል፣ ምቱ ይዛባል

አብዛኛውን ጊዜ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መምታት ትተው ይርገበገባሉ። ሳንባ የተቆረጠበት ቦታ ልብ አጠገብ ስለሆነ በዙሪያው ያለው ነርቭና ደም ሥር ይቆጣል፤ የኦክስጅን ማነስ፣ ያልታገሠ ሕመም፣ የፖታሺየምና የማግኒዚየም መውረድ ደግሞ ያባብሱታል። በፊት ይወሰድ የነበረ የልብ መድኃኒት በመሃል ከተቋረጠም እንዲሁ። ስለዚህ ታማሚው የሚውጠውን ሁሉ ከነማሸጊያው ለሐኪሙ አሳዩ።

ምቱን ለማወቅ ሁለት ጣት ከአውራ ጣቱ በታች፣ የእጁ አንጓ ላይ አሳርፉና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ ያሳስታል፣ ምቱ ወጣ ገባ ይላልና። አርፎ ተቀምጦ ከ110 ካለፈ ወይም ምቱ ከተዘበራረቀ በዚያው ቀን ኢሲጂ (የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣ ምርመራ) ይነሳ። ሐኪሙ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጣል፣ የጎደለውን ማዕድን ይተካል። ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ልብ ውስጥ ደም ረግቶ ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል፣ የቁስሉን መድማት አመዛዝኖ ደም ማቅጠኛ ሊጀምር ይችላል። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላሉ።

ደረት ያማል

ሲያስሉ፣ ሲገላበጡ ወይም ሲነካ የሚብስ ከሆነ ቁስሉ ሊሆን ይችላል። እንደ ድንጋይ ተጭኖ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ግን የልብ ደም ሥር ተዘግቶ (ሃርት አታክ) ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃም ሳትቆዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አንድ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ድንገት ያጥራል

በእግር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እግሩን አታሹት፣ ወጌሻ ጋም አትውሰዱት! በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፤ ባሕር ዳር ላላችሁ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የቀረባችሁ ጋ።

ሁለቱም እግር ካበጠና ጋደም ሲል ከታፈነ ግን ሰውነት ውሃ ቋጥሮ ይሆናል። ጨው ቀንሱ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ የሚያሸና መድኃኒት በራሳችሁ አትጀምሩ።

ጣና ሐይቅ ላይ፣ ደቅ ደሴት ለምትኖሩ፦ ሐኪሙ ደህና ነው እስኪላችሁ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ሰንብቱ። ሌሊት ቢታመም ጀልባ ከየት ይመጣል? የመውጫ ወረቀቱንና የኢሲጂውን ኮፒም አትርሱ፤ ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ከተሠራ እዚህ ያለው ሐኪም የድሮውን ምት የሚያየው ከዚያ ላይ ነው።