ጣና ላይ የማይረሳ መስተንግዶ፦ ለጀልባ ባለቤቶች፣ ለአስጎብኚዎችና ለአስተናጋጆች

ሲልቨርሲ የተባለው የቅንጦት መርከብ ድርጅት ለእያንዳንዱ የእንግዳ ክፍል በትለር የሚባል የግል አስተናጋጅ ይመድባል። ሲቦርን ደግሞ በአንዳንድ ጉዞዎቹ ላይ አስተናጋጆቹ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ባሕር ውስጥ ይገቡና ለሚዋኙት እንግዶች ካቪያር የሚባለውን የዓሣ ዕንቁላል ያቀርባሉ። በእንዲህ ያሉ መርከቦች የሠራተኛው ቁጥር ከእንግዳው ቁጥር ጋር ለመስተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስድስት እንግዳ ይዞ የሚነሳ ጀልባ ግን ነጂ፣ አስጎብኚና አንድ አስተናጋጅ ካለው በቂ ነው። እንግዳ ከዓመታት በኋላም የሚያነሳው "ሳልናገር አወቁልኝ" ያለበትን ቅጽበት ነው፤ እሱን ለማድረግ ሦስት ሰው ይበቃል። የሚያስፈልገው አስቀድሞ ማወቅና ሰዓቱን ጠብቆ ማድረስ ነው።

የዋዜማው ስልክ

ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ደውሉ። በጽሑፍ መልእክት የሚጠየቅ ነገር ግማሹ ሳይመለስ ይቀራል፤ በስልክ ግን ሰው ያልተጠየቀውንም ይናገራል። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ስንት ሰው፣ ከማን ጋር፣ የትልቁና የትንሹ ዕድሜ፣ ጉልበት ወይም ወገብ የሚያመው ሰው መኖሩ፣ የማይስማማ ምግብ፣ ጾም፣ ጉዞው የምን ምክንያት እንደሆነ፣ በመጨረሻም እንዴት ተብለው ቢጠሩ እንደሚወዱ።

ጾምን በተመለከተ "ጾመኛ ነዎት?" ብሎ መተው አይበቃም። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ከሆነ "ዓሣስ?" ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ። ከአንድ ቤት የመጡ ሰዎች እንኳ በዓሣ አይስማሙም፤ ለአንዱ የተጠበሰ ቆሮሶ ሲቀርብ ሌላው ምሳውን ሽታውን እየሸሸ ይበላል። የማይስማማ ምግብ ላይ ደግሞ ቆሎን አትርሱ። የገበያ ቆሎ ብዙ ጊዜ ለውዝ ይቀላቀልበታል፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ ለውዙን መልቀም ዋጋ የለውም፤ ዱቄቱ ገብሱ ላይ ይቀራል። ለብቻው የተቆላ ገብስ በተለየ ዕቃ ያዙ።

አጠራር ቀላል መስሎ ብዙ ያበላሻል። የመርከብ ድርጅቶች እንግዳን በቤተሰብ ስም ይጠራሉ፤ የኛን ሰው በዚያ መንገድ ከጠራችሁት በአባቱ ስም ጠራችሁት ማለት ነው። ትልቅ ሰው "እማማ"፣ "አባባ"፣ "ጋሼ" ወይም "እትዬ" ይባል፤ ካህን ከሆኑ "አባ" ወይም "መምሬ"። የማዕረግ ስም ያለው በማዕረጉ። የውጭ አገር እንግዳ በራሱ ስም ሲጠራ ደስ ይለዋል፤ አጠራሩን በስልክ አስደግሙትና እንደሚሰማ አድርጋችሁ በፊደላችን ጻፉት።

ሁሉም በአንድ ገጽ ይግባ። የተሞላ ገጽ እንዲህ ይመስላል፦

"ረቡዕ፤ 5 ሰው። እናት 70 ዓመት፣ ጉልበት ያማቸዋል፣ እማማ ይባሉ። ጾመኛ 3፣ ዓሣ የሚበላ የለም። ልጅ 6 ዓመት፣ ለውዝ አይነካም። ሴት ልጃቸው ከውጭ ከመጣች ሳምንቷ፤ ዘጌን በልጅነቷ አይታለች። ፎቶ ይወዳሉ፤ ጭብጨባና ጫጫታ አይፈልጉም።"

ገጹን ሦስቱም ሠራተኞች ከመነሳታቸው በፊት ያንብቡት። አስጎብኚው ብቻ ካነበበው፣ እማማን ከጀልባ የሚያወርዳቸው ነጂ ጉልበታቸውን አያውቅም።

በዚያው ስልክ መነገር ያለበትም አለ። የደሴት ገዳማት የሆኑት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህን ወደቡ ላይ የምትሰማ እንግዳ ቀኑ ተበላሽቶባታል። በዋዜማው ንገሩና ከክብራን አጠገብ ያለውን እንጦስ ኢየሱስን ወይም በዘጌ ያሉትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን አማራጭ አድርጉ። የመግቢያ ክፍያ፣ አጭር ሱሪ እንደማይፈቀድና ነጠላ እንደሚያስፈልግም አብሮ ይነገር። ነጠላ ለሌላት አንድ ሁለት ንጹሕ ነጠላ ጀልባው ላይ ይኑር።

ሰዓትና ንፋስ

ጣና ጠዋት ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ትንሹን ጀልባ ያንገላታል። ስለዚህ ለዘጌ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተነስቶ እስከ 6 ሰዓት ግድም መመለስ ይሻላል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ አነሳሱን ዘግየት አድርጉ። በጾም ወቅት በሥራ ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ጠዋቱ ለጉብኝት ይመቻል። ናርጋ ሥላሴና ዳጋ ሩቅ ናቸው፤ መሄጃው ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ ትንንሽ ልጆችና አዛውንት ላሉበት ቡድን ወደዚያ መሄድ አይመከርም።

ጀልባው ላይ

አቀማመጥ በዘፈቀደ አይሁን። ከፊት አፍንጫው ላይ ጀልባው ማዕበሉን ሲመታ ወገብ ይነቀነቃል፤ ከኋላ የሞተሩ ድምፅና የቤንዚን ሽታ አለ። አዛውንትና ነፍሰ ጡር ከመካከል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጎልማሶች ከፊት ይቀመጡ። ላይፍ ጃኬት የልጅ ልክ ያለው ሊኖር ይገባል፤ የአዋቂው ለልጅ ከተሰጠ ውኃ ውስጥ በራሱ ላይ ይወልቃል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠዋት ውኃው ላይ ይበርዳል። ጀልባው ከወደቡ ወጥቶ ፍጥነት ሲጨምር፣ ማንም "በረደኝ" ሳይል ጋቢ አቅርቡ፤ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። ጋቢው በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ፍንጣሪ ከነካው አይሞቅም። ጉልበት ላይ ይጣል እንጂ ከላይፍ ጃኬቱ በላይ እንዳይጠመጠም፤ የራሰ ጋቢ ከባድ ነው፣ ውኃ ውስጥ እጅ ያስራል።

ከሰል ጀልባው ላይ በፍጹም አይቀጣጠልም፤ ቤንዚን ባለበት እሳት የለም። የቡና ሥርዓቱን ዘጌ የብስ ላይ አድርጉት፤ ቡናውም እዚያው ከጫካው የሚወጣ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ መርሐ ግብሩ ላይ ይግባ። ነጂው ሰዓቱን እያየ በሚያጣድፈው ሁለተኛ ስኒ የሚደሰት ሰው የለም፤ ጊዜ ከሌለ አቦልን ብቻ ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ለመንገድ ቡና በቴርሞስ የምትይዙ ከሆነ ቴርሞሱን በፈላ ውኃ ሞልታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩትና ደፍታችሁ ቡናውን አጥልላችሁ ቅዱ። አተላው አብሮ ከገባ ይመራል። ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ቡና አታቅርቡ።

ሐይቁ መካከል ስትደርሱ ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ አጥፉ። የደንገል ታንኳ በአቅራቢያ የሚያልፍ ከሆነ ጥሩ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ግን "አሁን ሞተሩን እናጠፋለን፤ ዝም ብላችሁ አዳምጡ" በሉ፤ ካልተነገራቸው ሞተሩ የተበላሸ ይመስላቸውና ይደነግጣሉ። አስጎብኚው በዚያን ጊዜ ዝም ማለት አለበት። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጸጥታውን በታሪክ ይሞሉታል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ለማየት ስትሄዱ ግን ሞተር አይጠፋም፤ ርቃችሁ ቁሙ፣ ሞተሩም በዝግታ ይሥራ።

ቀዝቃዛው ፎጣ

የትልልቆቹ መርከቦች እንግዳ ከየብስ ሲመለስ መወጣጫው ላይ ቀዝቃዛ ፎጣ ይጠብቀዋል። ለኛ ጀልባ በርካሽ ሊሠራ የሚችልና ሁልጊዜም የሚወደድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ከዘጌ ወደብ እስከ ዑራ ያለው መንገድ አቧራና ሙቀት አለው፤ ሲመለሱ ፊትና እጅ ንጹሕ ነገር ይፈልጋል።

ለስድስት ሰው 12 ትንንሽ የጥጥ ፎጣ፣ እያንዳንዱ የአንድ ክንድ ግማሽ በሚያህል ስፋት ያዘጋጁ፤ ስድስቱ ለመልስ፣ ስድስቱ መጠባበቂያ። ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ። አንድ እፍኝ ጠጅ ሳር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለ10 ደቂቃ አፍልታችሁ፣ አጥልላችሁ፣ አቀዝቅዙ። ፎጣዎቹን ነክራችሁ መንጠባጠብ እስኪያቆሙ ጨምቁ፣ ጠቅልሉና ክዳን ባለው ዕቃ ከትታችሁ አይስቦክስ ውስጥ አስቀምጡ። በረዶ መግዛት አያስፈልግም፦ አራት ግማሽ ሊትር የታሸገ ውኃ ሌሊቱን አስቀዝቅዙት፤ ጠዋት በረዶ ይሆናል፣ ቀትር ላይ ይጠጣል።

ሎሚ ወይም ጤና አዳም ፎጣው ውኃ ውስጥ አትጨምሩ። ሁለቱም ጥሩ ይሸታሉ፤ ነገር ግን ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ የሚቋጥር ቁስልና ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። በጣና ፀሐይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ፎጣውን በእጅ ሳይሆን በመቆንጠጫ ስጡ፤ ከትልቅ ሰው ጀምሩ፤ ያገለገለውን ሌላ ከረጢት ውስጥ ሰብስቡ። እንግዳው ጀልባው ላይ ከወጣና ከተቀመጠ በኋላ የሚመጣ ፎጣ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። አስተናጋጁ ከቡድኑ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ወርዶ ወደቡ ላይ ይጠብቅ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ

ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ የሚሠራ ትንሽ ነገር ትልቅ ቦታ አለው። ሽማግሌ ቆሞ ጫማ ማውለቅ ይቸገራል፣ መቸገሩን ግን አይናገርም። አንድ ዝቅተኛ በርጩማ ይዛችሁ ሂዱ። ለእያንዳንዱ እንግዳ አዲስ የጥጥ ካልሲ ስጡ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ ሊኖር ስለሚችል ካልሲው ይከላከላል። ውስጥ ሳሉ አስተናጋጁ ጫማዎቹን አቧራቸውን አራግፎ አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ የየባለቤቱን ጥንድ ለይቶ ይደርድራቸው። ሲወጡ በርጩማውም ጫማውም በቦታው ይጠብቃቸዋል። ስለ ሥዕሎቹ ደግሞ፦ ፍላሽ እንደማይፈቀድ ከበሩ ውጭ ይነገር፤ ውስጥ በካህኑ ፊት መገሠጽ እንግዳን ያሳፍራል።

በጎጃም ቤት ከመንገድ የገባን እንግዳ እግር ማጠብ የቆየ ክብር ነው። ለአዛውንት እንግዳ ወደቡ ላይ ለብ ያለ ውኃ በማስታጠቢያ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ግን መጀመሪያ ወንድ ወይም ሴት ልጃቸውን ለብቻ ጠይቁ። የውጭ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ይሸማቀቃል፤ ለእሱ ማንቆርቆሪያውን ይዛችሁ ራሱ እንዲታጠብ አድርጉ።

ልደት፣ ጋብቻ፣ ዓመታዊ በዓል

ክሬም ኬክ ጣና ላይ አይሆንም፤ ይቀልጣል፣ ሻማው በንፋስ ይጠፋል፣ እንቁላልና ቅቤ ስላለበትም በጾም ቀን ባለቤቱ ራሱ አይቀምሰውም። ድፎ ዳቦ በዋዜማው በኮባ ቅጠል ተጋግሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢያድር ይለሰልሳል፣ ለጾመኛም ይሆናል። ባለ ሁለት ኪሎ ዱቄት ዳቦ ለስድስት እንግዳና ለሠራተኛው ተርፎ ወደቡ ላይ ላሉትም ይደርሳል። ከቡድኑ ትልቁን ሰው "ባርከው ይቁረሱልን" በሉ። ምርቃቱ እንግዳው ከተወለደበት ቤት የሚያውቀው ስለሆነ ምንም ዓይነት ሙዚቃ አይተካውም። ጫጫታ የማይወዱ መሆናቸው ገጹ ላይ ከተጻፈ ዳቦው ያለ ጭብጨባ ይቅረብ።

ነገር ሲበላሽ

ንፋስ ቀድሞ ይነሳል፣ መነኩሴው ቁልፍ ይዘው ይሄዳሉ፣ ሞተር ይቆማል። ትልልቆቹ መርከቦች ወደብ መግባት ሲያቅታቸው ካፒቴኑ ራሱ ድምፅ ማጉያ ላይ ወጥቶ ምክንያቱን ይናገራል። እናንተም ነጂው ራሱ ዞር ብሎ ይንገር፦ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በምትኩ ምን እንደሚደረግ። እንግዳ ጠይቆ ከሰማው ሰበብ ይሆናል፤ ሳይጠይቅ ከሰማው መረጃ ነው። አስተናጋጁ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ የሚያወጣው ገንዘብ መጠን አስቀድሞ ይወሰን፤ ጃንጥላ፣ ካልሲ ወይም መድኃኒት ለመግዛት ስልክ ሲደወል ቅጽበቱ ያልፋል።

ከመልስ በኋላ

ፎቶ በዚያው ማታ ላኩ፤ አሥር የተመረጠ ይበቃል፣ ሁለት መቶ ፎቶ የሚያይ ሰው የለም። አንዱ ሁሉም አብረው ያሉበት ይሁን፤ ፎቶ የሚያነሳው የቤተሰቡ አባል ሁልጊዜ ከሥዕሉ ይጎድላልና ስልኩን ተቀብላችሁ እሱንም ጨምሩ። ሦስታችሁ ጀልባው ሳይታጠብ አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ ገጹ ላይ የታየውን ጻፉ፦ ማን ምን ወደደ፣ ምን ሳይበላ ተመለሰ፣ የቱ ጋ ደከመ።

ጉርሻ ከተሰጠ በዕለቱ ለሦስት እኩል ይከፈል። እንግዳ የሚያመሰግነው ፊት ለፊቱ ያለውን አስጎብኚ ነው፤ ማዕበሉን አይቶ ፍጥነት የቀነሰውንና ጫማ የደረደረውን አያይም።