የአደባባይ ጀልባ ውኃ እንዳትይዝ፦ በብረት ቅርጽ ሥራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጀልባ፣ ወፍ ወይም ቅጠል በብረት ሠርተው አደባባይ ላይ ማቆም የሚፈልጉ ወጣቶች ኮምቦልቻ ወዳለው የብረት ሥራ ቤቴ ሲመጡ ደስ ይለኛል። አንዱን ስህተት ግን ማየት ሰልችቶኛል፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳ አለመተው!

ጀልባ ሐይቅ ላይ ውኃውን ከውጭ ትመልሳለች። አደባባይ ላይ ስትቆም ግን ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የምትቀበል ገበታ ናት። ሆዷ ውስጥ የቆመው ውኃ በብየዳው ስፌት ሾልኮ የጎን አጥንቶቿ በተሠሩበት ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት በሆነው የብረት ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ጫፍና ጫፉ ስለተዘጋ መውጫ የለውም። ቀለሙ ከላይ እያብረቀረቀ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግም ስፌቱን ገፍቶ ይከፍተዋል። እኔም አጥፍቻለሁ። ለአንድ ግቢ በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ የሠራኋት ጀልባ በሁለተኛው ክረምት ከሥሯ ቀይ ውኃ ታንጠባጥብ ጀመር። ስቆርጣት የጎን አጥንቶቿ በእጄ ተፈረፈሩ። ያሠራኝ ሰው አልተቆጣኝም፤ ዝምታው ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ቀዳዳውን የምትበሱት ጀልባዋ ተተክላ ስትቆም ዝቅ በሚለው ቦታ ነው። አፍንጫዋ ወደ ላይ ከተነሣ ውኃው ወደ ኋላዋ ይወርዳል። ከ12 ሚሊ ሜትር የጠበበውን ደግሞ ቅጠልና አቧራ ይደፍነዋል።

ሸራውን ድፍን ላሜራ አታድርጉት። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ መሠረቱም ያንን ሁሉ መሸከም አለበት። በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የባሕር ዳርቻ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1990 የቆመው «የፀሐይ መንገደኛ» ከማይዝግ ብረት የተሠራ የጀልባ አጽም ነው፤ ነፋሱም ዝናቡም በመካከሉ ያልፋል። ብዙ ሰው የጥንት የቫይኪንግ መርከብ ይለዋል፤ ቀራጺው ዮን ጉናር አውርናሶን ግን ያሰበው የሕልም ጀልባ ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ መርከብን ከነመልሕቁ ከፎቶግራፍ የሚገለብጡ አሉ። ሐይቅ ከተማ ያለው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ሄዳችሁ ዳርቻው ላይ ተቀመጡ። የጣናንም የደንገል ታንኳ አፍንጫ፣ የእስሮቹንም አስተሳሰር አጥኑ። ጉዞን መሥራት የፈለገ የግድ ጀልባ አያስፈልገውም፤ ባቲ ገበያ የሚገባ የግመል ቅፍለት መስመሩ እጅግ ያምራል።

ደሴ ላይ የምትተክሉ ደግሞ ከላይ የሚያያችሁን አትርሱ። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ ስለሆነች የጀልባዋ ሆድ ፊቷ ነው፤ የብየዳውን ጉብታ እዚያ ውስጥ መደበቅ አይቻልም።

የማይዝግ ብረትን በተራ ብሎን አታያይዙ፤ እርጥበት ሲያገኛቸው ብሎኑ ቶሎ ይበላል። ዚንክ የተቀባ ቱቦ በተዘጋ ክፍል አትበይዱ፤ ጢሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ልጆች ይወጡበታልና ስለቱን ሁሉ በሞረድ አደንዝዙ።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ጀልባዋን በምትቆምበት ዘንበልታ ደግፋችሁ አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሱባት። ውኃው የቆመበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ መሰርሰሪያውን ያዙና እዚያው ብሱት።