በለጤ ደንንና የጅሬን ቤተ መንግሥትን በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ደኑ ለጠዋት፣ ቤተ መንግሥቱ ለከሰዓት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀኑ ይበላሻል፤ ጅማ ላይ በበጋም ቢሆን ከሰዓት ዝናብ ሊጥል ይችላል፣ ቀዩ አፈር ከራሰ ደግሞ ቁልቁለት ላይ እግር አይጸናም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ክረምቱን ይተዉት።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከጅማ መናኸሪያ ወደ ሸቤ ወይም ወደ ቦንጋ የሚሄድ መኪና ይያዙ። ሰቃን አልፈው፣ ከጅማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቁ አስፋልቱ ራሱ ደኑን ሰንጥቆ ያልፋል። «በለጤ ወራጅ ነኝ» ብለው ለረዳቱ አስቀድመው ይንገሩት፣ አለዚያ ሸቤ ድረስ ይወስድዎታል።

ከመግባትዎ በፊት የአካባቢውን ሰው መሪ ያድርጉና ዋጋውን እዚያው ይጨርሱ። ሰው ለቡናና ለማር የሚመላለስበት የእግር መንገድ ስለሆነ እየተከፋፈለ ያሳስታል። ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃል። ሱሪዎ ረጅም ይሁን፣ ጫፉንም ካልሲ ውስጥ ይክተቱት። ጉንዳን መንገዱን በሰልፍ ሲያቋርጥ ካዩ በአንድ እርምጃ ይሻገሩት፤ ፎቶ ላንሳ ብለው ከቆሙ ጉልበት ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቅዎ! ሳማ ከነካዎት አይሹት፣ ይብሳል። ዛፍ ላይ ቀፎ ከተሰቀለ ሥሩ አይረፉ።

ጥላ ሥር ያደገውን ቡና ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ግንዱ ቀጭን ነው፣ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ ፍሬው እንደ ጓሮ ቡና አይታጨቅም። ወፍ ዘራሽ ቢመስልም ባለቤት አለውና አይቅጠፉ። ጉሬዛን የሚፈልግ ቀና ይበል፤ ቅጠል በል ስለሆነ ወደ መሬት እምብዛም አይወርድም። ጠዋት ዛፍ ጫፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ረጅሙ ነጭ ጭራው ከቅጠሉ በታች ተንጠልጥሎ ያጋልጠዋል።

እስከ 7 ሰዓት ጅማ ይመለሱ። ጅሬን ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ ነው። የቤተ መንግሥቱ ባለቤት የነበሩት፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የጅማ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ የእንጨት ሰገነቱን ሲያዩ ይህን ያስታውሱ። የንጉሡ ዕቃዎች ግን በብዛት ከተማው ውስጥ ጅማ ሙዚየም ነው ያሉት። ባጃጁን የደርሶ መልስ ይነጋገሩ፤ ኮረብታው ላይ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል።