ሰሜንን ከግቢ፣ ዓባይን ከቤዛዊት፦ ለባሕር ዳር የጂኦግራፊ መምህራን

የአገሮችን ዋና ከተሞች ያለ ስህተት የሚዘረዝር ተማሪ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰሜንን እንዲያሳይ ሲጠየቅ ያመነታል፤ አቅጣጫን የሚያውቀው የመጽሐፍ ገጽ ራስጌ አድርጎ ነውና። ስለዚህ መምህሩ የካርታ ንባብን ምዕራፍ ከመክፈቱ በፊት ተማሪዎቹን ወደ ግቢ ያውጣ።

አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጥ ያለ እንጨት በደልዳላ መሬት ላይ፣ በቱንቢ ተስተካክሎ ይተከል። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል በየ10 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይቀመጥ። አጭሩ ጥላ ያረፈበት መስመር ሰሜንና ደቡብን ያገናኛል። ተማሪዎቹ ይህን በ6 ሰዓት ይጠብቁታል፤ የሚሆነው ግን 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፣ እንደ ወሩም ሩብ ሰዓት ያህል ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ሰዓታችን የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ባሕር ዳር ወደ 37 ዲግሪ ተኩል በሚጠጋው ላይ በመሆኗ፣ ፀሐይም ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የግማሽ ሰዓቱን ልዩነት ራሳቸው አስልተው ይድረሱበት። ሙከራው በኅዳርም በግንቦትም ቢደረግ እጅግ መልካም ነው፤ በኅዳር ወደ ሰሜን የወደቀው የቀትር ጥላ በግንቦት ወደ ደቡብ ዞሮ ያገኙታል። ፀሐይ ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ በቀትር ከከተማዋ በስተ ሰሜን ታልፋለችና። የኬክሮስን ትርጉም ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ገለጻ አላገኘሁም።

ቀጥሎ፣ የወላጆችን ፈቃድና የመጠጥ ውሃ ይዞ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ይገባል። እያንዳንዱ ተማሪ ሐይቁን፣ ከተማውንና ወንዙን ባየው መጠን ይሳል፤ የታተመው ካርታ ከዚያ በፊት አይገለጥ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲሜትር 500 ሜትር መሆኑን ነግሮ ሥዕላቸውን እንዲያርሙ ማድረግ ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን እዚያው ኮረብታው ላይ ይጠየቅ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን እየፈሰሰ ጣና ይገባል፤ ዓባይ ደግሞ ከዚያው ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል። ግብፅ በሰሜን ሳለች ወንዙ ለምን ጀርባውን ሰጣት? መምህሩ መልሱን አይቅደም። ተማሪዎቹ ሰፊውን ካርታ ዘርግተው፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ዙረት በየት በየት እንደሆነ፣ የጮቄን ተራራ ወደ መሐል አድርገው ጎጃምን እስኪዞሩና የሱዳን ድንበር እስኪደርሱ ድረስ በጣታቸው ይከተሉት።