የቲትሬሽን ውጤት አልገጥም ሲል፡ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሔው

በጀማሪዎች የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተማሪ ሦስት ጊዜ ቲትሬት አድርጎ (ከቡሬት፣ ማለትም መክፈቻና የመጠን ምልክት ካለው ቱቦ፣ ቤዝ በፍላስክ ወዳለ አሲድ እያንጠባጠበ ስንት እንደፈጀ ለክቶ) «ውጤቱ አልመጣልኝም» ሲል፣ መምህሩ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ሦስቱ ንባቦች እርስ በርሳቸው ተለያይተዋል ወይስ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ሁሉም ከሚጠበቀው ርቀዋል? የመጀመሪያው ከሆነ ችግሩ ቡሬቱ ወይም አያያዙ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን ተማሪውን ትቶ የቤዙን ጠርሙስ መመርመር ይገባል። ይህን ሳይለዩ «ድገሙት» ማለት ጊዜውንም ኬሚካሉንም ማባከን ነው።

ንባቦቹ እርስ በርስ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በላይ ሲራራቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ከቡሬቱ መክፈቻ በታች ባለው ጫፍ ውስጥ የተደበቀ የአየር አረፋ ነው። አረፋው መሀል ላይ ሲወጣ ቦታውን የሚሞላው ፈሳሽ ፍላስኩ ውስጥ ሳይገባ እንደገባ ይቆጠራል። ቡሬቱን ከዜሮ በላይ ሞልቶ መክፈቻውን ለቅጽበት ሙሉ በሙሉ መልቀቅ አረፋውን ያስወጣዋል። የመጀመሪያው ንባብ ከፍ ብሎ ቀጣዮቹ ከወረዱ ደግሞ ቡሬቱ በውሃ ታጥቦ በቤዙ ሳይለቀለቅ ተሞልቷል ማለት ነው። ፍላስኩ ግን በተጣራ ውሃ ብቻ ይታጠባል።

የቲትሬሽኑን ማብቂያ የሚያመለክተው የፌኖልፍታሊን ሮዝ ቀለም 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ቢደበዝዝ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ተጨማሪ ጠብታ አያስፈልግም።

በየዓመቱ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ግን ሁለተኛው ዓይነት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ 25.0 ሚሊ ሊትር የ0.100 ሞላር (ሞል በሊትር) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይዘው የሠሩ ሦስት ቡድኖች 27.4፣ 27.3፣ 27.4 አነበቡ። ቤዙ 0.1 ሞላር ተብሎ የተዘጋጀ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስለነበር 25.0 ነበር የጠበቅነው። በጥንቃቄ ጉድለት ወቅሻቸው አስደገምኳቸው፤ ያው ቁጥር ተመለሰ። የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ጠርሙስ ሳወጣ ክዳኑ ተሰንጥቆ በላስቲክና በክር ታስሯል፤ አንገቱን ነጭ ዱቄት ከቦታል፤ እንክብሎቹም ረጥበው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ተማሪዎቹ በትክክል ለክተው ነበርና ወቀሳው አይገባቸውም ነበር፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስቦ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ስለዚህ ሚዛኑ 4.0 ግራም ቢልም በውስጡ ያለው ቤዝ ከዚያ ያነሰ ነው፤ እንክብሉ ሚዛን ላይ ሳለ እንኳ ሲያብለጨልጭና ሲረጥብ በዓይን ይታያል። ይህን መዝኖ በአንድ ሊትር አሟሙቶ «0.1 ሞላር» ብሎ መለጠፍ መላውን ክፍል ማሳሳት ነው፤ እንዲህ ያለውን ልማድ በቸልታ ማለፍ አልችልም።

መፍትሔው ቤዙን በግምት አዘጋጅቶ ትክክለኛ መጠኑን ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት በሚባል አሲዳማ ጨው መወሰን ነው። ይህ ጨው በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሁለት ሰዓት ደርቆ በዴሲኬተር (ከእርጥበት በሚጠብቅ ዝግ ዕቃ) ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ ለእያንዳንዱ ሙከራ 0.51 ግራም ያህል ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ በሚያነብ ሚዛን ይመዘናል፤ ሞላር ክብደቱ 204.22 ነውና 25 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር ቤዝ ይፈልጋል። ፍታሌቱ ስቶር ውስጥ ከሌለ 0.158 ግራም ሁለት ውሃ ያዘለ ኦክሳሊክ አሲድ ያንኑ መጠን ይጨርሳል። በዚያ ዕለት ሳረጋግጥ ያገኘሁት 0.0912 ሞላር ነበር፤ የተማሪዎቹን 27.4 በትክክል ያስረዳል። ማሟሟያው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ጠርሙሱ ላይም የተረጋገጠው መጠንና ቀኑ ይጻፍ።

እንክብሉ በውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በእንክብሉ ላይ አይፈስስም፤ ሲሟሟ በኃይል ይሞቃል። በርጩማ ላይ ቆሞ ከዓይን በላይ ቡሬት መሙላትን በፍጹም አትፍቀዱ፤ ቡሬቱን አውርዳችሁ አስሞሉ። ቤዙ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስስ ውሃ ታጥቦ ወደ ሕክምና ይሄዳል። ቤዙ መስታወት ይበላልና በፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ፤ የመስታወት መክፈቻ ያለው ቡሬትም ሳይታጠብ ካደረ መክፈቻው ይጣበቃል፣ በጉልበት ሲያዞሩትም ይሰበራል።