ስናስቀድስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጽሐፈ ቅዳሴን የገለጠ ሰው «ይ.ካ»፣ «ይ.ዲ» እና «ይ.ሕ» የሚሉ ምልክቶችን ያገኛል፤ ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ የሚሉትን ይለያሉ። ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ ቅዳሴ እንደማይገባ ሁሉ ያውቃል። ሕዝቡም ድርሻ እንዳለው ግን ብዙ አስቀዳሽ ይዘነጋል። ከዋሸራ እስከ ዲማ ቅኔ በሚዘረፍበት በጎጃም ምድር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ተሰጥዖው (ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚሰጠው መልስ) ከአምስት ስድስት ሰው አፍ ብቻ ሲወጣ መስማት ያሳዝናል።

ተሰጥዖን ለሰንበት ተማሪዎች መተው

ከሁሉ የበዛው ስህተት ይህ ነው። ምክንያቱ «ግእዝ አላውቅም» የሚል ነው። ነገር ግን ደጋግሞ የሚመጣው መልስ እጅግ አጭር ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» (ለጸሎት ተነሡ) ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) ይላል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» (ሰላም ለሁላችሁ ይሁን) ሲል «ምስለ መንፈስከ» (ከመንፈስህ ጋራ) ብሎ ይመልሳል። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው፤ መለያው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ለዲያቆኑ፣ ሁለተኛው ለካህኑ የሚመለስ ነው።

እነዚህ ከተያዙ በኋላ ወደ ፍሬ ቅዳሴው (ወደ ቅዳሴው ዋና ክፍል) መግቢያ ይታለፋል። «አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲባል «ርቱዕ ይደሉ»፤ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»። ረጅሙን «አሜን አሜን አሜን ነአምን ወንትአመን» የሚለውን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል። በሳምንት አንድ መልስ ከተጠና ጥቂት ወራት ይበቃሉ። ቅዳሴያቱ 14 ቢሆኑም አብዛኛው ተሰጥዖ አብሯቸው አይለዋወጥም፤ አንዴ የተያዘ በሁሉም ያገለግላል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ደግሞ በቃል ይያዙት። በደብሩ ያለ የቆሎ ተማሪ ወይም ዲያቆን ቃሉን እየቆራረጠ ቢያስጠናቸው፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውንም አብረው ይለያሉ።

አሜንን ማስቀደም

ካህኑ «ንሥኡ ብልዑ» ብሎ የጌታን ቃል ሳይጨርስ «አሜን» የሚሉ አሉ። አሜን ለተነገረው ቃል የሚሰጥ ምስክርነት ነው፤ ያልተነገረ ቃል አይመሰከርለትም። ካህኑ ዜማውን አውርዶ እስኪያሳርፍ መጠበቅ ነው። የካህኑን ድርሻ ከሥር ከሥር አብሮ ማንጎራጎርም ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ አጠገብ የቆመውን ሰው ጆሮ ይሰርቃል።

ዜማን በየፊናው መጎተት

ካህኑ በግእዝ ዜማ ከጀመረ በግእዝ፣ በዕዝል ዜማ ከጀመረ በዕዝል መከተል ይገባል። በክብ ቤተ ክርስቲያን ከመቅደሱ ርቆ በቅጥሩ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርሰው ተሰጥዖውን ያጓትታል። መፍትሔው ወደ በሩ ቀረብ ማለት ነው፤ ቦታ ከጠፋ በሩ ላይ ያሉትን ሰምቶ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መከተል።

በቅዳሴ ሰዓት ዳዊት መድገም

ዳዊትና ውዳሴ ማርያም መድገም መልካም ነው፤ ጊዜያቸው ግን ከቅዳሴው በፊት ነው። ዲያቆኑ «ጸልዩ» እያለ ሕዝቡን በአንድ ሐሳብ ሲጠራ ለብቻ መጽሐፍ ገልጦ መቆም ከጉባኤው መለየት ይሆናል። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» (የተቀመጣችሁ ተነሡ) ሲባልም እንዲሁ ነው፤ ሕመምተኛና አረጋዊ ካልሆነ ማንም ተቀምጦ አይቀርም።

አርፍዶ መድረስ

ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን የጳውሎስን መልእክት፣ ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን የሐዋርያትን መልእክት፣ ንፍቁ ካህን ግብረ ሐዋርያትን፣ ከዚያም ሠራዒው ካህን ወንጌልን ያነባሉ። ከወንጌል በኋላ የደረሰ ሰው አራቱም አምልጠውታል። መንገዱ ሩቅ የሆነበት የገጠር ሰው ከዶሮ ጩኸት በፊት መነሣት ግድ ይሆንበታል።

ሳይሰናበቱ መውጣት

ሥጋ ወደሙ ሲሰጥ ያልቆረበው ሰው ቅዳሴው ያለቀ መስሎት ይበተናል፤ የሰንበቴ ተረኛም ጠላና ዳቦውን ለማቅረብ ይሮጣል። ቅዳሴው የሚያበቃው ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» (በሰላም ግቡ) ሲል ነው። ተረኛው ዕቃውንና ምግቡን ቅዳሜ ማታ ወደ ሰንበቴው ቤት ቢያደርስ እሑድ እስከ ስንብቱ ተረጋግቶ ያስቀድሳል።