ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝ አትጣሉ

እዚህ ኮዬ ፈጬ ከሰዓት ፀሐዩ ሲከር ልጆቼ አይስክሬም ይላሉ። የማደርገውን ልንገራችሁ። ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ የአርባ ምንጭ ሙዝ ግዙ፤ ያኔ ስለሚጣፍጥ ስኳር አይፈልግም። ልጣችሁ በስሱ ቆራርጡት፤ ትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ከተደራረበ ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል።

በማግስቱ 4 ሙዝ ላይ 2 ማንኪያ ወተት ጠብ አድርጋችሁ በጁስ መፍጫ ፍጩት። መጀመሪያ እንደ ፍርፋሪ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ወተትም አትጨምሩ! እያቆማችሁ ጠርዙን በማንኪያ እየጠረጋችሁ ቀጥሉ፤ ድንገት እንደ ክሬም ይለሰልሳል። በጾም ወተቱን በብርቱካን ጭማቂ ተኩት፤ እንዲያውም እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

መብራት ጠፍቶ ሙዙ ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት። ጁስ አድርጋችሁ ወዲያው ጠጡት።